የይፍሩ ድስት ባዶውን ይመለሳል

እስቲ ጠጋ በሉ። ሳህናችሁን ከጎናችሁ አስቀምጡት፤ ወጡ አይሸሽም። ድንኳኑ ሰፊ ነው፣ ወንበሩም የኪራይ ነው፣ የሚያስነሳን የለም። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ዝም ብሎ መጎራረስ ደግ አይደለም። ለቅሶ ቤት ወግ ያሻዋል። እኔም ከጉልበቴ በቀር የሚያስቸግረኝ የለምና አንድ ነገር ላውጋችሁ።

ድሮ ነው። እናንተ ድሮ የምትሉት ድሮ አይደለም፤ የአያቶቻችን አያቶች "ድሮ" ሲሉት የነበረው ነው። በዚያ ዘመን ቀይ አፋፍ በምትባል መንደር ይፍሩ የሚባል ሰው ነበር። መሬት አልነበረውም። በሬ አልነበረውም። ሚስቱ በወሊድ ሞታበት ልጅም አልነበረውም። የነበረው ከአባቱ የወረሰው አንድ ጥሩንባ ነው፣ የአጋዘን ቀንድ። ሰው ሲሞት ይፍሩ አፋፉ ላይ ይወጣል፣ ጥሩንባውን ይነፋል፣ የሟቹን ስም ይለፍፋል። አገሩም የያዘውን ትቶ ይወጣል።

ድሃ ነው እንጂ አይርበውም ነበር። ለቅሶ ቤት ቀድሞ የሚገባ እሱ፣ ዘግይቶ የሚወጣ እሱ ነው። በቀይ አፋፍ ደግሞ ለቅሶ ቤት ማለት ድግስ ቤት ነበር። ሰው የሞተበት ቤት ሦስት ቀን ይጋግራል፣ ሦስት ቀን ይወጠውጣል፣ ሦስት ቀን ያበላል። ያላበላ "ሟቹን አዋረደው" ይባላል፤ ልጆቹ በጣት ይጠቆማሉ። ስለዚህ ያለውም የሌለውም ያበላል። ይፍሩን መንገድ ላይ ሲያገኙት፣ "ዘንድሮ ጉንጭህ ሞልቷል፣ ስንት ሰው ቀበርን?" ይሉት ነበር። ይስቃል። አብረውት ይስቃሉ።

አሁን የምነግራችሁን ያዙልኝ። የይፍሩ አባት በዘመኑ ሲለፍፍ ሦስት ቃል ይጠራ ነበር። "የሰማህ ላልሰማ አሰማ፣ እገሌ ዐርፏል" ይላል። "ቀብር ውጡ" ይላል። ሦስተኛ፣ "የሐዘንተኛ እሳት ጠፍቷልና ይዛችሁ ውጡ" ይላል። ይፍሩ ሁለቱን ያዘና ሦስተኛውን ተወው። ለምን ተውከው ቢሉት ትንፋሽ ያጥረኛል ይል ነበር። ትንፋሹስ ደህና ነበር። ሦስተኛውን ቃል ቢጠራ ጎረቤት ያዋጣውን ንፍሮና ቆሎ ሊበላ ነው፤ ባይጠራው ግን የሐዘንተኛው ዶሮ ይደርሰዋል። መንደሩም አልጠየቀውም፤ ይዞ ከመውጣት ሄዶ መብላት ይቀላል። ዓመት ዓመትን እየተካ ሲሄድ ሦስተኛ ቃል እንደነበረም ሰው ረሳ።

ታዲያ በአንድ ግንቦት ሀብተየስ የሚባል ገበሬ ሞተ። በሬውን እንኳ ሳይሳደብ የሚያርስ ሰው ነበር። ሚስቱ እማወይሽ ትባላለች። ሦስት ልጆች ጥሎባት ሄደ፤ ትልቋ ደጊቱ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ይፍሩ አፋፉ ላይ ወጣ። ጥሩንባውን ነፋ። ሁለቱን ቃል ጠራ። አገሩ ወጣ፣ ቀበረ፣ ገብቶ በላ። በማግሥቱ መጣ፣ በላ። በሦስተኛው ቀን እንጀራው ሳስቷል፣ ወጡ ቀጥኗል፣ የእማወይሽም ፊት አመድ መስሏል። ይህን ሁሉ ሰው አየ። ማንም ምንም አላለም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ይፍሩ ወደ ጓሮ ዞር አለ። ሲመለስ ከጎተራው በኩል ድምፅ ሰማና ቆመ። እማወይሽ ጎተራው ውስጥ እስከ ወገቧ ገብታ ወለሉን በእጇ ትጠርጋለች። ደጊቱ ሰፌድ ይዛ አጠገቧ ቆማለች።

"እማ፣ ይኼ እኮ የዘሩ ነው" አለች ልጅቷ።

"ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል" አለች እናቷ።

ሰው ሰምቷል። ይፍሩ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆሞ ሰምቷል። ቀስ ብሎ ተመለሰና ቦታው ላይ ተቀመጠ። የዘሩ ገብስ ተፈጨ፣ ቂጣ ሆኖ ቀረበ። እማወይሽ ራሷ ይዛ ዞረች። ይፍሩ ዘንድ ስትደርስ ትንሽ ቆም አለች፤ ከዚያ ትልቁን ቁራሽ መርጣ ሰጠችው። አልበላም ቢል፣ "ምነው?" ሊባል ነው። አባት የሞተባቸውን ልጆች ዘር ነው የምንበላው ሊል ነው። ያን ለማለት ወኔ ይጠይቃል። ይፍሩ የሞተ ሰው ስም መጥራት እንጂ ሕያዋንን መናገር አልለመደም። ሰምቶ ዝም አለ። ሰምቶ በላ።

ሰኔ ገባ። አገሩ ዘራ። እማወይሽ ዘር ስጡኝ ብላ አልወጣችም፤ ስጡኝ ማለት ያለኝን በልታችሁብኛል ማለት ነው፣ ለባሏ ያለቀሰን ሰው ማሳጣት ነው። የሰው ገብስ እሸት ሲይዝ የሀብተየስ ማሳ ሙጃ ያዘ። መስከረም ሲጠባ በሯን ዘግታ፣ ትንሹን አዝላ፣ ሁለቱን አስከትላ ሰው ቤት ልታገለግል ወደ ሩቅ አገር ወጣች። መንገድ ላይ ይፍሩን አገኘችው። ቁጥቋጦ ውስጥ ሊገባ ፈልጎ ነበር፤ መንገዱ ጠባብ ሆነበት። እሷ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችው።

"አያ ይፍሩ፣ የሀብተየስን ስም አሳምረህ ጠርተህልኛል" አለችው። "እግዜር ይስጥልኝ።"

አሜን ማለት አቃተው። ጉንጩ ነደደ። ሰው ሞላ እያለ የሚያሾፍበት ያ ጉንጭ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይፍሩ ቁራሽ ወደ አፉ ባስጠጋ ቁጥር የደጊቱ ድምፅ ይመጣበታል። "ይኼ እኮ የዘሩ ነው።"

ጥቅምት ላይ የሸማኔው እናት ሞተች። ይፍሩ አፋፉ ላይ ወጣ። ጥሩንባውን ነፋ። ሁለቱን ቃል ጠራ። ሦስተኛው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣ፣ እዚያ ቆመ። ምን ይሉኛል አለ። ይህን ሁሉ ዓመት የት ነበርክ ቢሉኝስ አለ። ቃሉን ውጦ ወረደ። ምግብ ሲቀርብ ግን እጁ አልዘረጋ አለው፤ ሆዴን ታምሜአለሁ አለ። ለቀስተኛው በሳቅ ፈረሰ። ይፍሩ ሆዱን የታመመ ዕለትማ ጥሩንባው ለራሱ ይነፋ፣ አሉ። ሸማኔው ብቻ አልሳቀም። እሱ ሰው የሚንቀው ሰው ነው፣ ንቀትን ከሩቅ ያውቃታል። መጥቶ ፊት ለፊቱ ቆመ።

"አያ ይፍሩ፣ ጌቶች ቤት ደህና የሆነ ሆድ እኔ ቤት ሲገባ ነው የሚታመመው?" አለው።

ይፍሩ እውነቱን ቢናገር ኖሮ ሸማኔው ባልተዋረደ። ዋሸና አንዱን ድሃ ላለመጉዳት ሌላውን ድሃ አቆሰለ። አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ያን ዓመት ከስቶ ልብሱ ሰፋው፤ ሰዎችም ዘንድሮ ሞት ቀነሰ እንዴ እያሉ ቀለዱበት።

በጥር ደግሞ ላቀው የሚባል ጎልማሳ ሚስቱ ሞተችበት። ጡት ያልጣለ ልጅ ትታበት ነው የሄደችው። ይፍሩ አሰበ። በአፌ ካልሆነልኝ በእጄ ይሁን አለ። አውድማ ላይ በጉልበቱ ያገኘው ስንዴና ባቄላ ነበረው፤ በአንዲቱ ድስቱ ንፍሮ ቀቀለ። ትኩሱን ይዞ ሄደና ከላቀው ደጃፍ አስቀመጠው። ዛሬስ ለእነዚህ ሰዎች አንድ ወጥ ይቀንስላቸዋል ብሎ ደስ እያለው ተመለሰ። በዚያ ዓመት ደስ ያለው ያን ዕለት ብቻ ነው።

ደስታው አልቆየም። እናንተም ታውቃላችሁ፣ በእኛ አገር የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ጎረቤት ሽሮ ቢልክ ሳህኑ ቢያንስ ሎሚ ይዞ ነው የሚመለሰው። የላቀው እናት ያን ድስት ባየች ጊዜ፣ ምራቷን ቀብራ ሕፃኑን በጀርባዋ አዝላ፣ እንደገና ወደ ጭሱ ገባች። ድሃ ናቸው ተብሎ ተላከላቸው እንዳይባል ዶሮ አረደች። ሽንኩርት ከተፈች። ከሰዓት በኋላ የይፍሩ ድስት ከሄደበት ከብዶ ተመለሰ።

ይፍሩ ድስቱን ፊቱ አስቀምጦ ተመለከተው። ክዳኑን ከፈተ። ያቺ አሮጊት ሕፃን አዝላ እንደሠራችው ያውቃል። እሱ ባይልክ ኖሮ አረፍ ትል እንደነበር ያውቃል። ደግሞ ሁለት ቀን አልበላም፣ ወጡም ይሸታል። እያለቀሰ በላ። በፊት ሰምቶ በላ፤ አሁን አውቆ በላ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ እኔ አላውቅም፤ እሱም አላወቀም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት ሞላና ግንቦት ተመልሶ መጣ። በዚያ ግንቦት የአገሩ ትልቅ ሰው የባላምባራስ ደርብ ልጅ ሞተች። አልጣሽ ትባላለች፣ ለትዳር የደረሰች፣ ለእናትና ለአባቷ አንድ። ባላምባራስ ሦስት በሬ አስጣሉ። ዳሱ ከቤቱ እስከ ወንዙ ድረስ ተዘረጋ። ይፍሩን አስጠርተው፣ ጥሩንባህ ዛሬ ከወንዝ ማዶ ካልተሰማ ዳግመኛ እንዳትነፋ አሉት።

ይፍሩ አፋፉ ላይ ወጣ። ጥሩንባውን ነፋ። "የሰማህ ላልሰማ አሰማ፣ የባላምባራስ ልጅ አልጣሽ ዐርፋለች" አለ። "ቀብር ውጡ" አለ። ከአፋፉ ላይ የተዘጋው የእማወይሽ በር ይታየዋል፣ ሙጃ የዋጠው ማሳዋ ይታየዋል። ዓይኑን ጨፈነና፣ አባቱ ከሞተ ወዲህ ማንም ያልሰማውን ቃል ጠራ። "የሐዘንተኛ እሳት ጠፍቷልና ይዛችሁ ውጡ።" ከዚያም ከራሱ ጨመረበት፤ "ድስታችሁ ባዶውን ይመለሳል፣ አትቀየሙ።"

አገሩ ግራ ገባው። ለባላምባራስ ቤት ምን ይያዛል? በሕይወት የቀሩ ጥቂት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ግን ቃሉን አወቁት፣ ቆሎም ንፍሮም በነጠላቸው ቋጥረው ወጡ። ሌላው እጁን እያወዛወዘ ወጣ። ቀብሩ ተፈጸመ፣ ሕዝቡ ዳስ ገባ። ባላምባራስ ይፍሩን በሕዝቡ መካከል አስቆሙት።

"የእኔ እሳት ነው የጠፋው?" አሉ። "ሦስት በሬ ጥዬ፣ እኔን ነው ለልመና ያወጣኸኝ?" ጥሩንባውን እንዲያስረክብ፣ ከአገሩም እንዲወጣ ፈረዱበት። ጥሩንባውን ያጣ ይፍሩ ማን ነው? መሬት የለው፣ በሬ የለው። የሚሄድበትም የለው።

ይፍሩ ጥሩንባውን ከትከሻው አወረደና ከፊታቸው አስቀመጠው። ከዚያ ተናገረ።

"ጌታዬ፣ እኔ የእማወይሽን ዘር በልቻለሁ። ልጅቷ 'ይኼ እኮ የዘሩ ነው' ስትል ጓሮ ቆሜ ሰምቻለሁ። ሰምቼ ገብቼ በላሁ። ሦስተኛው ቃል የአባቴ ነው፤ ለሆዴ ብዬ የተውኩት እኔ ነኝ።"

ያን ዕለት ያን ቂጣ ያልበላ ሰው በዳሱ ውስጥ አልነበረም። እርስ በርሱ መተያየት ፈርቶ ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። አንድ ሽማግሌ ቂጣው የዘር ገብስ እንደነበረ እኔም ቀምሼ አውቄ ነበር አሉና አፋቸውን በጋቢያቸው ያዙ። ይፍሩ ግን አልጨረሰም።

"አንድ ነገር ልጠይቅና ልሂድ፣ ጌታዬ" አለ። "እሜቴ የት ናቸው?"

እሜቴ ውድነሽ የባላምባራስ ሚስት፣ የሟቿ እናት ናቸው። ሰው ዞር ዞር አለ። ከሐዘንተኞች ፍራሽ ላይ የሉም። ከአልቃሾቹ መካከል የሉም። ባላምባራስ ራሳቸው ሚስታቸውን በዓይናቸው ፈለጉ፤ ከጠዋት ጀምሮ እንዳላዩአቸው ያን ጊዜ ገባቸው። ዳሱ ጸጥ ሲል እሜቴ ከጓዳ ብቅ አሉ። እጃቸው እስከ ክርናቸው ሊጥ ነው። ዓይናቸው ከጭሱ ቀልቷል እንጂ እንባ አልነካውም። ዝምታውን ምግብ ዘግይቶ ሰው የተቆጣ መሰላቸው።

"ደረሰ፣ ደረሰ" አሉ። "ትንሽ ታገሡኝ፣ አሁን ይቀርባል።"

ባላምባራስ ፊታቸውን በኩታቸው ሸፈኑ። ከዚያ የላቀው እናት፣ ያቺ ምራቷን ቀብራ ዶሮ ያረደችው አሮጊት፣ ከመሬት ተነሣች። ሄዳ የእሜቴን እጅ ያዘች። ሊጡን በነጠላዋ ጫፍ ጣት በጣት ጠረገችው። ይዛ መጥታ ፍራሹ ላይ አስቀመጠቻቸው። እሜቴ ውድነሽ ባዶ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አዩት። እጃቸው የሚሠራው ነገር አጣ። ያን ጊዜ ልጃቸው መሞቷን አወቁ። ያለቀሱት ልቅሶ የይፍሩ ጥሩንባ ካልደረሰበት ደረሰ ይባላል።

ሴቶቹ አንድ በአንድ ተነሥተው ወጡ፤ ከየቤታቸው ድስት ድስታቸውን ይዘው ተመለሱ። የባላምባራስ እሳት ያን ዕለት ጠፋ። ድስቶቹ ባዷቸውን ተመለሱ፣ ማንም አልተቀየመም። ጥሩንባውን ከመሬት አንሥተው ለይፍሩ የሰጡት ባላምባራስ ራሳቸው ናቸው። ሲሰጡት ግን ዓይኑን አላዩትም።

መንደሩ ከየጎተራው አንዳንድ እፍኝ ዘር አዋጣ፤ ስልቻ ሞላ። እኔ ልውሰደው አለ ይፍሩ። ሦስት ቀን ተጉዞ እማወይሽን ሰው ቤት ስትፈጭ አገኛት። ስልቻውን ከወፍጮው አጠገብ አወረደ። ላቡን አልጠረገም፣ ውሃም አልጠየቀም።

"ያን ዕለት ከጎተራው ጀርባ ቆሜ ሰምቼሻለሁ" አላት።

እማወይሽ መጁን አላቆመችም። "አውቃለሁ። ጥላህ ወለሉ ላይ ወድቆ ነበር" አለች።

ይፍሩ ይህን አላሰበውም ነበር። ማንም አላየኝም ብሎ ነው ዓመት ሙሉ ያፈረው፤ ለካስ ታይቶ ነበር። "ታዲያ ለምን ትልቁን ቁራሽ ሰጠሽኝ?" አላት።

ያን ጊዜ መጁን አቆመች። "ለባሌ ልታለቅስልኝ የመጣህ ሰው አይደለህም?" አለችው። "ባዶ ሆድህን ልሸኝህ ኖሯል?"

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። እማወይሽ ግን ስድብ አታውቅም። ዘሩን ተቀበለች፣ በሰኔ ልጆቿን ይዛ ገባች፣ ማሳዋ ዘር ያዘ። ይፍሩ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ፣ ብዙ ሰውም ለፈፈ። ለቅሶ ቤት ግን ከማዕድ አልተቀመጠም። ደጅ ቆሞ ሰው ያመጣውን ድስት ይቀበላል፣ ባዶውን አፉን ወደ ታች ደፍቶ ይመልሳል። እማወይሽን ባገኘ ቁጥር ጎንበስ ይላል፤ እስኪሞት ድረስ ቀና ብሎ አላያትም። እሱ በሞተ ጊዜም ጥሩንባውን የሚነፋ ጠፍቶ፣ ሦስቱን ቃል አፋፉ ላይ ወጥታ የጠራችው ደጊቱ ናት አሉ።

ከዚያ ወዲህ በቀይ አፋፍ የለቅሶ ድስት ተደፍቶ ይመለሳል። አዲስ ሙሽራ ሳታውቅ ሞልታ ልትመልስ ብትል አማቷ እጇን ይዛ፣ "ተይ፣ የይፍሩ ድስት ባዶውን ይመለሳል" ትላታለች። ያቺ ሙሽራ ዐርፋ ታለቅሳለች። ነገሩ ይኸው ነው።

በሉ፣ አሁን ሳህናችሁን አንሡ። ያቺን ጥቁር የለበሰች ልጅ አያችኋት? ያቺ ጭልፋ የያዘችው። ዛሬ ጠዋት እናቷን ነው የቀበርነው። ምግቡ ከሆቴል የመጣ ነው፣ ቢሆንም ከገባን ጀምሮ አልተቀመጠችም፤ "ወጥ ልጨምር?" እያለች ትዞራለች። ለእኔም ሁለት ጊዜ ጨምራልኛለች። ይህን ተረት እያወቅሁ፣ ሁለት ጊዜ በልቻለሁ።

እኔ ጉልበቴ እስኪነሣልኝ ይመሻል። እስቲ አንዳችሁ ተነሡና ያን ጭልፋ ከእጇ ተቀበሏት።